በብረት የምመታው እኔ ነኝ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለቃለ አብ ወልደአረጋይ፣

እንደ ቆላው አሸዋ የማይቆጠር፣ እንደ ደጋው ውርጭ የማይሳሳ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ክንድህስ? ጆሮህስ ደህና ይሰማል? ጀርባህስ እንዴት ነው? ጀርባህን ለይቼ የጠየቅኩት ያለ ነገር አይደለም፤ እደርስበታለሁ። እዚያም ብርድ አለ ይላሉ። ደብረ ብርሃን የከረመ ሰው ግን ሌላው ብርድ ሁሉ ጥላ ነው፤ ይህን ለፈረንጆቹ ንገርልኝ። እኛ እንዴት እንደሆንን ሰው ሁሉ በመጀመሪያው መስመር «ደህና ነን» ብሎ እንደሚጽፈው አልጽፍም። በቦታው እጽፈዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ይህን ደብዳቤ ማን እንደጻፈው እወቅ። እኔ ነኝ! ወንድምህ ዘሥላሴ፣ በገዛ እጄ፣ ማንንም ሳልለምን። ቀን ቀን ደብረ ብርሃን እህል ተራ ጆንያ እሸከማለሁ፣ ከሥራ መልስ የጎልማሶች ትምህርት ቤት እማራለሁ። አርባ አንድ ተማሪዎች ነን፣ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። አንደኛ የወጣችው የፖሊስ ሚስት ናት፤ እሷን መብለጥ ሌላ ጣጣ አለው ብዬ ተውኩላት። ዛሬ እኔ የጆንያውን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምሸከመው። ጓደኞቼ ግን ምን እንደተሸከሙ ሳያውቁ ይሸከማሉ፤ ለዚህ ነው ቶሎ የሚደክማቸው። ሦስቱን ሀ አውቃለሁ፣ ሁለቱን ሰ አውቃለሁ፣ አራት ነጥብ የት እንደሚወድቅም አውቃለሁ። በዚህ ወረቀት ላይ ስህተት ብታገኝ እስክሪብቶው ነው። አንዳንድ ፊደል ላይ ነጥብ ብታይ ደግሞ ዝንብ አይደለም፣ አጥብቀህ አንብበው ማለቴ ነው። ይህን ልማድ ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ አመጣሁት። ለምን እንዳመጣሁት ስትደርስበት አትስቅም።

ዕቃህ የደረሰን በኅዳር መጀመሪያ ነው። አምስት እጅ ዞሮ ነው የመጣው። አንተ ለማን እንደሰጠኸው እንጃ፤ ከውጭ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ባለሱቅ፣ ባለሱቁ ለጫጫ ሚኒባስ ሾፌር፣ ሾፌሩ ለዓወል ሰጠው። ዓወልን ታስታውሰዋለህ፣ ዓሊዩ አምባ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ቢላዋ ከአባባ በቀር ከማንም የማይገዛው። እህል ተራ ድረስ ፈልጎኝ መጣና «ዘሥላሴ፣ አብሽር፣ ወንድምህ አለ! አልሐምዱሊላህ» ብሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖረ። ስፈታው ጥፍር የምታህል ፍላሽና ግማሽ ወረቀት። ቃለ አብ፣ ድምፅህ ከሊቢያ ከጠፋ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። ጆንያዬን ጣልኩና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ዓወል «ወረቀቱን አንብበው እንጂ» አለኝ። አላነብም አልኩት። አባባ ፊት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ቆሜ ነው የማነበው አልኩ። የሰባት ወር ትምህርቴን ሰው ሳያይልኝ እንዴት ልጨርሰው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ወረድኩ። ፍላሽ የሚጎርስ ሬዲዮ ከሰው ተውሼ ነበር። የቀጥቃጭ ቤት የማይረግጡት ሁሉ ግቢውን ሞሉት፤ የጠፋ ልጅ ተገኘ ሲባል ቡዳም ይረሳል። የቄሱ ልጅ ዲያቆን ሠረቀብርሃንም አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አባባ ጆሮው አንተ ከሄድክ ወዲህ ጭራሽ ጠፍቷል፤ አርባ ዓመት ብረት ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ነው። አፋችንን ጆሮው ላይ ደቅነን ካልጮህን አይሰማም፣ ስንጮህ ደግሞ ከሱ በፊት ጎረቤላ ይሰማል። ስለዚህ ድምፁን ለእማዬና ለሕዝቡ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የወረደው ጎርፍ የሚመስል የብዙ ሰው ጩኸት ነበር። ቀጥሎ ማንቂያ እንደሚነፋ ፋብሪካ አንድ ነገር አለቀሰ። ሰንሰለት ተጎተተ። ከዚያ ብረት! ብረት በብረት ላይ፣ ደግሞ ደጋግሞ፣ ሳያርፍ። አንድ ሰው በማናውቀው ቋንቋ ይጮኻል፤ ቢላዋ አንገቱ ላይ የደረሰ በሬ እንኳ እንደሱ አይጮህም። በብረቱ መሀል ደግሞ «እህ! እህ!» የሚል የአንድ ሰው ትንፋሽ። እማዬ ብድግ አለች። «የልጄ ነው! የቃለ አብ ነው!» አለች። የማንም እናት የልጇን እህታ ታውቃለች። እኛም አወቅነው። ጎረቤላ ያለችውን ያቺን ባልቴት ነግረንህ ይሆናል፤ ሰው ሻጮቹ ልጇን ሲገርፉት ድምፁን ቀድተው በስልክ የላኩላት። አገሩ ሁሉ እሷን አስታወሰና ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው የሰማነው። እህታችን ሮዳስ ሬዲዮውን ዘጋችው።

አባባ ምንም አልሰማም፣ የሰውን ፊት ብቻ ነው ያየው። «ወረቀቱ ምን ይላል?» አለ። ሠረቀብርሃን አጥሩን ተሻግሮ መጣና እጁን ዘረጋ፤ «እስቲ አምጣው ዘሥላሴ፣ ቀስ ብለን እንየው» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «እኔ እያለሁ? ፊደል የክህነት ርስት የነበረበት ዘመን አልፏል፣ ዲያቆን፤ ዞር በል!» አልኩት። ሰው ፊት፣ በዚያ ሰዓት። ወረቀቱንም ከፍ አድርጌ ይዤ አባባ ጆሮ ላይ ጮኼ አነበብኩ፦

«አባባ፣ እማዬ፣ ዘሥላሴ፣ ሮዳስ፣ እንዴት ናችሁ። ይህን ድምፅ ስሙልኝ። በብረት የምመታው እኔ ነኝ። ሲጮኹ አትደንግጡ። እስከ መጨረሻው ስሙት። ቃለ አብ።»

አጥብቄ አነበብኩት። ነጥብ አድርጌበታለሁ፣ እየው፤ መ ላይም ታ ላይም። ልጁ በብረት እየተደበደበ ነው ብዬ ለገዛ አባቴ በጆሮው ጮህኩበት። «እስከ መጨረሻው ስሙት» የሚለውንማ የአሳሪዎችህ ማስፈራሪያ አድርጌ፣ ድምፄን አጎርንኜ ነው ያነበብኩት። ጎበዝ አንባቢ ነኝ ብዬህ የለ?

አባባ አላለቀሰም። ወደ ምድጃው ሄደና መዶሻውን አነሳ፣ አየውና አመድ ውስጥ ቀበረው። «የልጄን ገላ ብረት እየመታው እኔ ብረት አልመታም። ልጄ ከብረት እስኪፈታ ድረስ ይህን መዶሻ ካነሳሁ እጄን ያድርቀው» አለ። ስለት መሆኑ ነው። ሠረቀብርሃን ሊከለክለው ሞከረ፣ ግን ቃሉ ወጥቷል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እሳት በሌለበት ምድጃ አጠገብ ቁርበት አንጥፎ መሬት ላይ መተኛት ጀመረ። ልጄ የሚተኛበትን አላውቅምና አልጋ ላይ አልወጣም አለ።

ጊዜውን አስበው፤ አጨዳ ነው። ገብሱ እየረገፈ ማጭድ የሚስል ሰው ጠፋ። እነዚያ በዓይኑ እንዳይበላብን ብለው ልጆቻቸውን ከነጠላቸው ሥር የሚደብቁት ሰዎች፣ ማጭዳቸውን ይዘው በራችን ላይ ተሰለፉ። «ጋሼ ወልደአረጋይ፣ በእግዚአብሔር፣ ለአንድ ቀን ብቻ» ይሉታል። እሱ አይሰማም፣ ወይም የማይሰማ መስሎ ይቀመጣል። እማዬ ግን ምላሷን ታውቀዋለህ። «ትናንት ቡዳ፣ ዛሬ ጋሼ! ማጭዳችሁን በዓይኑ እንዳይበላው አትፈሩም?» ብላ መለሰቻቸው። እስከ መዘዞ ድረስ ሄደው ነው ያሳሉት። በጥር ደግሞ ለበልግ እርሻ ማረሻ ሊያሾሉ መጡ፣ እንደገና ተመለሱ። በዚህ መሀል አባባ እየመነመነ ነው። ሳሉ ከከሰሉ ጢስ የከረመ ነበር፤ ብርዱ ሲጨመርበት ደረቱ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሆነ። ሐኪም አሳይቼዋለሁ፤ መድኃኒቱን ይቀበለኝና «ለሱ ማን ይሰጠዋል?» ብሎ ያስቀምጠዋል።

አሁን ወደ ትምህርቴ ልመልስህ። ከጥምቀት በኋላ ነው። አስተማሪያችን መምህርት ማኅደረማርያም በዕድሜ የሮዳስ እኩያ ናት፣ ፊት ለፊቷ ግን «እርስዎ» ነው የምላት። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ልጁ ይመታል» ብላ ጻፈችና አንብቡ አለች። እኔ ቀድሜ ተነሳሁ፣ አጥብቄ አነበብኩ። የፖሊሱ ሚስት «ኧረ ተሳስቷል! ልጁ ሌላ ሰው ይመታል ነው እንጂ» አለች። «እርስዎ ቤት የሚመታው ሌላ ሰው ነው፣ እኛ ቤት ግን ልጁ ነው» አልኳትና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህርቷ ግን «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች። «ላልቶ ከተነበበ ልጁ መቺ ነው። ጠብቆ ከተነበበ ተመቺ ነው። ጽሑፉ አይለየውም፣ የሚለየው አንባቢው ነው።»

ሳቁ ገና አላለቀም ነበር። እኔ ግን ወረቀትህ ታወሰኝ። የሰባት ወር ትምህርት አለኝ ብዬ ስፎክር፣ ለካ ይህ ትምህርት ያለው በዘጠነኛው ወር ላይ ኖሯል። ወረቀትህን ከኪሴ አወጣሁና ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ። እንደገና አነበበችው። «ጋሽ ዘሥላሴ፣ ይህንን ለማን ነው ያነበቡት?» አለችኝ።

በማግስቱ ፍላሹን ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። ገና ስሙን እንዳየች «ይሄ እኮ አልበም ነው!» አለች። «የሙዚቃ ባንዱ መድረክ ላይ ሲጫወት ከነሕዝቡ ጩኸት የተቀዳ ነው። የዘፈኑን ዓይነት ሜታል ይሉታል፣ ብረት ማለት ነው። ይሄኛው ደግሞ የፋብሪካ ድምፅ ይጨምሩበታል።» ብረት የሚባል ዘፈን! አባቱ ቀጥቃጭ ለሆነ ሰው ይህን ማን ይነግረዋል? እስከ መጨረሻው ሰማነው፤ አሥራ አራት ዘፈን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ያ እኛን ያስለቀሰን ጎርፍ ይመጣል። መምህርቷ «ይስሙ፣ ጭብጨባ ነው! ሰው ሲገረፍ ማን ያጨበጭባል?» አለችኝ። ዘጠነኛው ዘፈን ላይ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ብረቱ ብቻውን ይቀራል፤ አንተ ነህ። ሲያልቅ ያ ጉሮሮው ውስጥ ወፍጮ የተከለው ዘፋኝ ስምህን እያጣመመ ይጠራል፤ ሺህ ሕዝብ ተቀብሎ «ቃለ አብ! ቃለ አብ!» ይላል። ቀጥቃጭ ነው ብሎ የሚተፋ ሰው የለም። አንድ ነገር ደግሞ እሷ ያላወቀችውን እኔ አወቅኩ። እህታህ ይቀድማል፣ ብረቱ ይከተላል። የሚመታ ሰው ግን የሚያቃስተው ብረቱ ካረፈበት በኋላ ነው። አባባ ጆሮ ቢኖረው ኖሮ በመጀመሪያው ምት ይለየው ነበር። እኔ ጆሮ ነበረኝ፤ በዚያ ቀን ግን ጆሮዬን አፌ ሸፈነው።

ሥራዬን ጥዬ ወረድኩ። አባባ ጆሮ ላይ ጮኼ ሁሉንም ነገርኩት፤ መቺው እንጂ ተመቺው እንዳልሆንክ፣ ሕዝቡም እንዳጨበጨበልህ። አባባ በትዕግሥት ሰማኝ።

«ለማን ነው ያጨበጨቡት?» አለ።

«ለቃለ አብ።»

«ብረት ስለመታ?»

«አዎ አባባ።»

ፊቴን በሁለት እጁ ያዘው። «ደግ ልጅ ነህ» አለኝ። «ግን ለቀጥቃጭ የሚያጨበጭብ አገር እግዚአብሔር አልፈጠረም። እስከ ትናንት ይመታል አላችሁኝ። ዛሬ ደግሞ እንዲህ የምታሳምሩልኝ ሞቶ ነው። የመርዶ አመጣጥ ጠፍቶኝ መሰለህ?»

ገባህ ወይ? እኛ አገር ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ እንደማይነገር ያውቃል። ወሬው ድንገት ካማረ ከኋላው ሬሳ አለ ማለት ነው። ውሸቴን አምኖኝ እውነቴን ሳያምነኝ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰ፣ በቁምህ አለቀሰልህ።

ቃለ አብ፣ እዚህ ላይ አቁም። ከዚህ በታች ያለውን ብቻህን አታንብብ። በአገሩ ደንብ ቢሆን ይህን የምትሰማው ማለዳ፣ ሽማግሌዎች ቤትህን ከበው፣ አጠገብህ የሚይዝህ ሰው ቆሞ ነበር። ወረቀት መያዝ አይችልም። ስለዚህ የሰፈርህን አበሻ ጥራ፤ አበሻ ከሌለ ያንን ወፍጮ ጉሮሮ ጥራውና አጠገብህ ይቀመጥ። አማርኛ ባይገባውም ግድ የለም፣ ትከሻህን መያዝ ያውቃል።

መጣልህ? እሺ።

አባባ አርፏል። የካቲት ስድስት ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት። ደብሩ ውስጥ ተቀብሯል። እግዚአብሔር ያጥናህ ወንድሜ።

ከማረፉ ሦስት ቀን በፊት የሆነውን ልንገርህ፣ ከዚህ ወረቀት ዋናው እሱ ነውና። ቃል አልሠራልኝም፣ ወረቀትም አልሠራልኝም። ታዲያ መላ ያመጣው ሠረቀብርሃን ነው፤ ያ ሰው ፊት ያዋረድኩት ዲያቆን። ከጎረቤላ ለሰርግ የሚከራየውን ትልቁን የድምፅ ማጉያ ከነባትሪው በበቅሎ ጭኖ አመጣው። ምድጃው አጠገብ አቆምነው። አባባን አቅፈን አስቀመጥነውና መዳፉን ማጉያው አፍ ላይ አኖርንለት። ሮዳስ ዘጠነኛውን ዘፈን ከፈተች። አቤት፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ! የአባባ ክንድ እስከ ትከሻው ተርገፈገፈ። እኔ አመዱን ቆፍሬ መዶሻውን አወጣሁና ባዶውን መቀጥቀጫ ከአንተ ጋር መምታት ጀመርኩ፤ በዓይኑ እኔን እያየ፣ በእጁ አንተን እየሰማ እንዲያስተያየን ብዬ። መዶሻ ከያዝኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀጥቃጭ ላለመባል ነበር ከዚህ ቤት ወጥቼ ጆንያ ሥር የገባሁት። ትንፋሼ አጠረ፣ ክንዴ ዛለ። አንተ ትፈጥናለህ፣ እኔ እዘገያለሁ፤ አንተ ታርፋለህ፣ እኔ ባዶ አየር እመታለሁ። ሮዳስ እያለቀሰች ሳቀችብኝ።

አባባ አልሳቀም። አንድ ጊዜ እጄን፣ አንድ ጊዜ ማጉያውን ያያል። ቆየና መሀል ላይ እጁን አነሳ፣ አቁም ማለቱ ነው። ድምፁ ደክሟል፣ ግን ሁላችንም ሰማነው።

«አንተ የምትመታው እንደሚመታ ሰው ነው» አለኝ። የመጀመሪያውን አላልቶ፣ ሁለተኛውን አጥብቆ ነው ያለው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው! «ያኛው ግን ቀጥቃጭ ነው።»

እኔ በሕይወቴ ከማንም አንሼ አላውቅም፤ ይህን ታውቃለህ። ያን ቀን ግን ከአንተ ማነሴን በሰው ፊት ሲመሰክርብኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መሬት ላይ ወድቄ እግሩን ሳምኩ።

ከዚያ «ያ ጭብጨባ ያላችሁት የቱ ጋ ነው?» አለ። ሮዳስ ፈልጋ ከፈተችለት። መዳፉን መልሶ አኖረ። ጭብጨባ እንደ ብረት አይደለም፣ ክንድ አያንቀጠቅጥም፤ መዳፍ ላይ ይርመሰመሳል እንጂ። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። «ካፊያ ይመስላል» አለ። ሲያልቅ «ድገሚልኝ» አላት። አራት ጊዜ ደገመችለት። በአራተኛው ባትሪው አለቀ። እጁን ግን አላነሳም።

በመጨረሻ አምኖ ይሁን፣ ወይስ እኔ እንዳልጎዳ ብሎ ያመነ መስሎልኝ ይሁን አላውቅም። ቤተሰባችን ሁሉ የታመመ ማጽናናት ያውቅበታል፤ አባባ ደግሞ እኔ ከሱ ይልቅ መታመሜን አይቷል። ጠይቄው ነበር። ጆሮው ላይ ጮኼ «አመንክ አባባ?» አልኩት። እጄን መታ መታ አደረገኝና ተኛ። ስለቱን አፍርሶ መዶሻ ያንሳ እንደሆነ ልናይ ጠብቀን ነበር፤ በማግስቱ ግን ማንኪያ የሚያነሳበትም አቅም አልነበረውም። ሐሙስ ጠዋት ሮዳስ ውኃ ልታጠጣው ስትሄድ ቀዝቅዞ አገኘችው።

ለለቅሶው ብዙ ሰው መጣ፤ ማረሻው የደነዘዘበት ሁሉ መጥቶ አለቀሰ። ንፍሮውን ግን ከሌላ ቤት አስቀቅለው እዚያው በሉ፤ የቀጥቃጭ ድስት ነዋ። ዓወል ብቻ ነው ከቆላ ወጥቶ ሦስት ቀን ግቢያችን የተቀመጠው፤ ሃይማኖቱ ባይፈቅድለት እንኳ ቆሎ እየበላ ከእማዬ ጋር ዋለ። ተዝካሩ በጾሙ ምክንያት ከፋሲካ በኋላ ነው።

ሠረቀብርሃን «አንተ ባታነበው እኔም አጥብቄ አነበው ነበር» ይለኛል። እሱም የማጽናናት ልምድ አለው። አንዳንድ ቀን በአንተ እናደዳለሁ። «ብረቱን የምመታው» ብትል ምን ነበረበት? አንዲት ን! አንዲት ን አባባን አልጋ ላይ ታስተኛው ነበር እላለሁ። ተመልሼ ደግሞ የዘረጋውን የሠረቀብርሃንን እጅ አየዋለሁ፤ ያን ጊዜ ን ከአእምሮዬ ይጠፋል። ገዳዩ ብርድ ነው ይላል ሐኪሙ። እኔ የማውቀውን ሐኪሙ አያውቅም። ለአንተ ግን ጽፌልሃለሁ፤ ስፎክር ያነበብኩትን ሳልፎክር ልጽፍልህ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ቀለም ያፈሰስኩት። ያም ቢሆን መሀል መሀል ላይ ሳልፎክር አልቀረሁም፤ አመል ነው።

አድራሻህን ከወረቀትህ ጀርባ ካለው የፈረንጅ ጽሑፍ ገልብጬዋለሁ። ማንበብ ስለማልችል እንደ ሥዕል ነው የሣልኩት፤ መምህርቷ «አሳታሚው ዘንድ ይደርሳል» ብላኛለች። የሮዳስን ስልክ ከታች ጽፌያለሁ። ደውል። ፊትህንም ጀርባህንም ለእማዬ አሳያት፤ ሸሚዝህን አውልቀህ አሳያት፣ እሷ አሁንም ታሪኩን በግማሽ ልቧ ነው ያመነችው።

እማዬ ወለተሐና ዓይንህን ሳመልኝ ብላለች። በየጠዋቱ ሬዲዮውን ትከፍትና ሰውዬው ሲጮህ ጆሮዋን ደፍና፣ ስምህ ሲጠራ ትከፍታለች። «ለዚያ ሰውዬ ምነው ውኃ ቢሰጡት፣ እሱም የሰው ልጅ ነው» ብላሃለች፤ ቃል በቃል ጻፍ ስላለችኝ ነው። ሮዳስ ሰላም ብላሃለች፤ አመዱን ጠርጋ ምድጃውን ለቅልቃዋለች፣ ለምን ስንላት አትናገርም። ዓወል «አላህ ያጽናህ» ብሎሃል። ሠረቀብርሃን አባባን በስመ ክርስትናው በየቅዳሴው እያስታወሰልህ ነው። መምህርት ማኅደረማርያም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ ሰባተኛውን ዘፈን ትወደዋለች። እኔም ሳልነግራት እሱን በጉሮሮዬ እያልኩ ጆንያ እሸከማለሁ፣ ለሸክም ይመቻል።

ከእኔ በኩል ሰላምታውን ከላይ ጽፌዋለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። መልስ ስትጽፍልኝ «ይቅር» ብቻ ብለህ እንዳትጽፍ። አንተ ጽሑፍ ታሳጥራለህ፣ እኔ ደግሞ እንዴት እንደማነብ አይተሃል። ስህተትህ ይቅር ማለትህ ይሁን ወንድምነትህ ይቅር ማለትህ፣ ጨርሰህ ጻፈው።

ወንድምህ ዘሥላሴ ወልደአረጋይ

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.